ቺፑ ሰዓት አያውቅም፦ የድሮ ኮምፒውተሮች ሙዚቃ ጊዜውን የሚጠብቀው እንዴት ነበር?

በድሮ ኮምፒውተር ጌም የተጫወተ ሰው ይህችን ሳያያት አይቀርም። ጌሙ ድንገት ድርቅ ይላል። ስክሪኑ አይንቀሳቀስም፣ ቁልፍ ቢጫኑት መልስ የለም። ድምፁ ግን አልቆመም። ሙዚቃው የደረሰባት አንዲት ኖታ ላይ ተቸክሎ "ኢኢኢኢኢ" እያለ ይጮኻል። አንድ ሰው ተነስቶ ማጥፊያውን እስኪጫን ድረስ እንደዚያው ነው።

ጩኸቱ ብልሽት ይመስላል። የተበላሸው ግን ጌሙ ነው እንጂ የድምፅ ቺፑ አይደለም። ቺፑ ለመጨረሻ ጊዜ የደረሰው ትእዛዝ "ይህን ድምፅ አሰማ" የሚል ነበር። "አሁን ይበቃል" የሚል ሌላ ትእዛዝ አልመጣለትም። ስለዚህ ያሰማል።

የ1980ዎቹን የኮምፒውተር ሙዚቃ መረዳት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢነሳ ይቀለዋል። ቺፑ ድምፅ ያውቃል እንጂ ዘፈን አያውቅም። ድምፁን ምን ያህል ማቅጠን ወይም ማወፈር እንዳለበት ጥንቅቅ አድርጎ ይይዛል። አሁን የዘፈኑ ስንተኛ ሰከንድ ላይ እንደሆንን ግን አታስጠይቁት። ጊዜውን ሌላ ሰው ሊቆጥርለት ይገባል። ማን ይቁጠርለት? ለዚህ ጥያቄ የተሰጡት መልሶች ናቸው እነዚያን ዘፈኖች እንዲያ ያሰሟቸው።

ቁልፎች የሞሉበት ሰሌዳ

ኮሞዶር 64ን እንውሰድ። በ1982 የወጣ ኮምፒውተር ነው። የድምፅ ቺፑ ቁጥር 6581 ሲሆን ወዳጆቹ "ሲድ" ይሉታል። የነደፈው ቦብ ያንስ የተባለ መሐንዲስ ነው። በአንድ ጊዜ ሦስት ድምፅ ማውጣት ይችላል።

ፕሮግራም ሊጽፍባቸው የሚችል 25 ሬጅስተሮች አሉት። ሬጅስተር ማለት አንዲት ቁጥር የምትቀመጥባት ትንሽ ሣጥን ናት፤ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ትይዛለች። ሁለቱ ሣጥኖች ተጣምረው የአንዱን ድምፅ ቅጥነት ይወስናሉ። ሌላዋ የድምፁን ዓይነት ትመርጣለች፤ የቆረፈደ ይሁን የለሰለሰ። የመጨረሻዋ ጠቅላላውን የድምፅ መጠን ትይዛለች። ስቱዲዮ ውስጥ ያለውን ማደባለቂያ ሰሌዳ አስቡት። ቁልፉን አዙራችሁ እጃችሁን ስታነሱ እዚያው ባቆማችሁበት ይቀራል። ሌላ ሰው መጥቶ እስኪያዞረው ድረስ አይነቃነቅም።

እንግዲህ "ዘፈን" የምንለው ነገር እነዚህን ቁልፎች በትክክለኛው ሰዓት የማዞር ሥራ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

ለእውነቱ ከሆነ ቺፑ ከጊዜ ጋር ጨርሶ አልተለያየም። አንድ ድምፅ ሲመታ በምን ፍጥነት እንደሚነሳ፣ ሲለቀቅም በምን ፍጥነት እንደሚከስም ራሱ ይቆጣጠራል። መነሻው ከ2 ሚሊሰከንድ እስከ 8 ሰከንድ ሊረዝም ይችላል። ግን ይህ የአንዲት ኖታ ዕድሜ ነው። ቀጣዩዋ ኖታ መቼ ትምጣ የሚለው የሱ ጉዳይ አይደለም።

ፕሮሰሰሩ በጣቱ ሲቆጥር

በጣም ጥሬ የሆነው መልስ የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ራሱ ይቁጠር የሚለው ነው። የዚህ ምሳሌ 48 ኪሎባይት ሜሞሪ ያለው ዜድኤክስ ስፔክትረም ነው፤ እሱም የ1982 ልጅ ነው። ይህ ኮምፒውተር የድምፅ ቺፕ የሚባል ነገር የለውም። ያለው አንዲት ስፒከርና ሁለት ሁኔታ ብቻ ነው፤ ወይ ክፍት ወይ ዝግ።

440 ሄርዝ የሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ለማውጣት ስፒከሯን በሰከንድ 880 ጊዜ መገልበጥ ያስፈልጋል። ፕሮሰሰሩ በሰከንድ 3.5 ሚሊዮን ትክታ ይመታል። ስለዚህ በአንዱ ግልበጣና በሚቀጥለው መካከል ወደ 3,977 ትክታ መጠበቅ አለበት። እንዴት ይጠብቃል? ባዶ ሥራ እየሠራ። ከቁጥር ላይ አንድ ቀንስ፣ ዜሮ ሆነ ወይ፣ አልሆነም፣ እንደገና ቀንስ። እያንዳንዱ ትእዛዝ ስንት ትክታ እንደሚፈጅ በፕሮሰሰሩ ሰነድ ላይ ተጽፏል። ፕሮግራመሩ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ይደምራል።

ችግሩ ግልጽ ነው። እየቆጠረ ያለ ሰው ሌላ ነገር ብታወሩት ቁጥሩ ይጠፋበታል። ፕሮሰሰሩም ሙዚቃ እያወጣ ጌሙን ማንቀሳቀስ ይቸግረዋል። ለዚህ ነው ብዙ የስፔክትረም ጌሞች መግቢያው ገጽ ላይ ሲዘፍኑ ቆይተው ጨዋታው ሲጀመር ጭጭ የሚሉት።

ሌላም ጣጣ አለ። የስፔክትረም የታችኛው 16 ኪሎባይት ሜሞሪ ስክሪኑን ከሚስለው ቺፕ ጋር የጋራ ነው። ያ ቺፕ ሥዕሉን ሲያነብ ፕሮሰሰሩ ተራ ይጠብቃል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ኮድ እዚያ ሜሞሪ ውስጥ ቢቀመጥ ድምፁ ይሻክራል፤ ላይኛው ሜሞሪ ውስጥ ቢቀመጥ ይጠራል። ኮዱ ላይ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። የተለወጠው አድራሻው ነው። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ስንት ሌሊት ስህተት ሲፈልግ እንደሚያድር አስቡት።

ቴሌቪዥኑ አጫዋች ሲሆን

ሁለተኛው መልስ ብልህ ነው። ደግሞም ስንፍና ያለበት ብልሃት ነው፤ ጥሩ የምህንድስና ሐሳብ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው።

የዚያ ዘመን የቤት ኮምፒውተር በአብዛኛው የሚሰካው ቴሌቪዥን ላይ ነበር። አውሮፓ ውስጥ የተለመደው ፓል ቴሌቪዥን ስክሪኑን በሰከንድ 50 ጊዜ ይስላል። የቪዲዮ ቺፑ አንዱን ሥዕል በጨረሰ ቁጥር ፕሮሰሰሩን ትከሻውን መታ ማድረግ ይችላል። ፕሮግራመሮች ይህን "ኢንተራፕት" ይሉታል። ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ ባለበት ያቆማል፣ የተጠራበትን ይሠራል፣ ተመልሶ ካቆመበት ይቀጥላል።

የጌም ፕሮግራመሮች ይህን ጥሪ ለሌላም ጉዳይ ይፈልጉታል። ጀግናውን አንድ እርምጃ ማራመድ፣ ጥይቱን ማንቀሳቀስ፣ ሁሉም የሚሠራው በየሥዕሉ ነው። ታዲያ ሙዚቃውንስ እዚሁ ለምን አንሰካውም? ተሰካ። በየጥሪው አንድ አጭር ኮድ ይነሳል። "አዲስ ኖታ ደርሷል ወይ? ድምፁ መወዝወዝ አለበት ወይ?" ይልና ጥቂት ሬጅስተሮች ላይ ጽፎ ይወጣል። 50 ጊዜ በሰከንድ፣ ያለ እረፍት።

ቁጥሩን ጠለቅ ብለን እንየው፤ ምክንያቱም 50 የሚባለው ልክ 50 አይደለም። ፓል ኮሞዶር 64 አንድን ሥዕል በ312 መስመር ይስላል። እያንዳንዱ መስመር 63 ትክታ ይወስዳል። ሲባዛ 19,656 ትክታ ይሆናል። ፕሮሰሰሩ በሰከንድ 985,248 ጊዜ ይመታል። ሲካፈል 50.12 ይመጣል። ትርፏ ኢምንት ትመስላለች። ወደ መጨረሻው ስንደርስ እንመለስባታለን።

በሁለት ጥሪዎች መካከል 20 ሚሊሰከንድ ያህል አለ። ይህ የሙዚቃው ዝቅተኛ የጊዜ ቅንጣት ነው። ከዚህ ያነሰ ነገር የለም። ድምፁ ቢወዛወዝም፣ ቢንሸራተትም፣ ቢከስምም እንደ ደረጃ ነው የሚወርደው፤ በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ደረጃ።

ከዚህች ጥበት የወጣውን ነገር እኔ በጣም ነው የምወደው። ሦስት ድምፅ ብቻ ያለው ቺፕ ላይ ሦስት ኖታዎችን አንድ ላይ ማሰማት ከፈለጋችሁ ሁሉም ድምፅ እዚያው ያልቃል። ለዜማውና ለቤዙ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ አንዱን ድምፅ በየጥሪው ያቀያይሩታል፤ መጀመሪያ የታችኛዋ ኖታ፣ ቀጥሎ የመካከሏ፣ ቀጥሎ የላይኛዋ፣ እንደገና ከታች። በሰከንድ 16 ዙር ተኩል ያህል ይሽከረከራል። ጆሮ ሦስቱን አንድ ላይ የሰማ ይመስለዋል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይሸወድም፤ የሚንቦጫረቅ ዓይነት ድምፅ ይሰማዋል። የድሮ ጌም ሙዚቃ ሲባል ብዙ ሰው ጆሮ ላይ የሚመጣው ያ ድምፅ ነው። ቺፑ ውስጥ የለም። ከቴሌቪዥኑ ነው የመጣው።

ለምን ሁሉም ዘፈን 125 ሆነ?

የዘፈኑ ፍጥነት እንዴት ይወሰናል? አቀናባሪው ኖታዎቹን በረድፍ ያስቀምጣል። አንድ ረድፍ ስንት ጥሪ እንደሚቆይ ይመርጣል። የተለመደው 6 ነው። አራት ረድፍ አንድ ምት ይሆናል። ስለዚህ አንድ ምት 24 ጥሪ ማለት ነው። በሰከንድ 50 ጥሪ ካለ አንዱ ምት 0.48 ሰከንድ ይፈጃል። በደቂቃ 125 ምት ይሆናል።

ፈጠን ይበልልኝ ያለ ሰው 6ቱን 5 ያደርጋል። 150 ምት ላይ ይዘላል። ቀዝቀዝ ይበል ያለ 7 ያደርጋል፤ ወደ 107 ይወርዳል። በመካከል ያለውስ? የለም። አምስት ተኩል ጥሪ የሚባል ነገር የለማ! ደረጃ ላይ እንደመውጣት ነው፤ እግር የሚያርፈው እርከኑ ላይ ብቻ ነው።

ሰው ግን መላ አያጣም። አንዱን ረድፍ 7 ጥሪ፣ ቀጣዩን 6 ጥሪ አድርጉት። አማካዩ 6 ተኩል ይሆንና ፍጥነቱ 115 አካባቢ ያርፋል። አንዱ ረድፍ ከሌላው ስለሚረዝምም ዘፈኑ ትንሽ ወዝወዝ ማለት ይጀምራል። ጃዝ ውስጥ እንዳለው ዓይነት መወዝወዝ። ለስሌት ተብሎ የተፈጠረ መላ ለጭፈራ ተረፈ።

ባሕር ሲሻገር የሚፈጥነው ዘፈን

አሁን ያን የአውሮፓ ዘፈን አሜሪካ የተሸጠ ኮሞዶር 64 ላይ አጫውቱት። አሜሪካ ያለው ቴሌቪዥን ኤንቲኤስሲ ነው፤ በሰከንድ 60 ጊዜ ገደማ ይስላል። ጥሪው 60 ሆነ ማለት ነው። የ125ቱ ዘፈን ወደ 150 ይጠጋል። ለስለስ ያለ መሆን የነበረበት ዜማ እየተንደረደረ ይሄዳል።

ብዙ ሰው ነገሩ እዚህ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ሁለተኛ ለውጥ አለ፤ ከመጀመሪያው ጋር መምታታት የለበትም። የአሜሪካው ማሽን ፕሮሰሰር በሰከንድ 1,022,727 ጊዜ ነው የሚመታው። ሲድ ቺፕ ደግሞ የድምፁን ቅጥነት የሚያሰላው ከዚሁ ትክታ ነው። አውሮፓ ውስጥ 440 ሄርዝ ለማግኘት ሬጅስተሩ ላይ 7,493 ገደማ ይጻፋል። ያንኑ ቁጥር አሜሪካ ውስጥ ስትጽፉት የሚወጣው 457 ሄርዝ አካባቢ ነው። በ3.8 ከመቶ ቀጥኗል። የሰለጠነ ጆሮ ወዲያውኑ ይነቃዋል።

ልዩነቱን ልብ በሉ። የዘፈኑ ፍጥነት በ20 ከመቶ ገደማ ጨመረ፣ የድምፁ ቅጥነት በ3.8 ከመቶ። ሁለቱ የተለያየ ምክንያት አላቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። ለፍጥነቱ ርካሹ መፍትሔ ከስድስት ጥሪ አንዱን መዝለል ነው። 60ው ተመልሶ 50 ይሆናል። ጆሮው ጥሩ የሆነ ሰው ትንሽ መንቀጥቀጥ ሊሰማው ይችላል፣ ግን ዘፈኑ ዘፈን ይሆናል። ለቅጥነቱ ደግሞ የኖታዎቹ ቁጥር የተጻፈበትን ሰንጠረዥ በሌላ መቀየር ነው። አሜሪካ ውስጥ ለ440 ሄርዝ 7,218 ነው የሚያስፈልገው።

ሁለቱ ነገሮች አብረው ሲጨምሩ ማየት ከፈለጋችሁ ሱፐር ጌም ቦይን ተመልከቱ። ጌም ቦይ የተባለውን በእጅ የሚያዝ የጌም ማሽን ካሴት በቴሌቪዥን ለማጫወት የተሠራ ነው። ጌም ቦይ በራሱ 4.194304 ሜጋሄርዝ ይመታል፣ ስክሪኑንም በሰከንድ 59.73 ጊዜ ይስላል። ሱፐር ጌም ቦይ ግን ትክታውን የሚወስደው ከተሰካበት ትልቁ ማሽን ነበር፤ 4.295 ሜጋሄርዝ ገደማ። ሁሉም ነገር ከዚያ አንድ ምንጭ ስለሚቀዳ ጨዋታውም፣ የዘፈኑ ፍጥነትም፣ ቅጥነቱም እኩል በ2.4 ከመቶ ከፍ አለ። ሁለተኛው እትም ላይ የራሱ ትክታ ተሰጠውና ተስተካከለ።

ታይመር፦ የራስ ሰዓት መያዝ

ከቴሌቪዥኑ መላቀቅ የፈለገ ሰው ታይመር ይጠቀማል። ታይመር ከተሰጠው ቁጥር ተነስቶ ወደ ታች እየቆጠረ ዜሮ ሲደርስ ፕሮሰሰሩን የሚጠራ ዕቃ ነው። ኮሞዶር 64 ውስጥ ሲአይኤ የሚባሉ ሁለት ቺፖች እያንዳንዳቸው ሁለት ታይመር አላቸው።

ልክ 120 ምት በደቂቃ የሆነ ዘፈን ፈለጋችሁ እንበል። በምት 24 ጥሪ ከሆነ በሰከንድ 48 ጥሪ ያስፈልጋል። 985,248ን ለ48 አካፍሉት። 20,526 ይመጣል። እሱን ታይመሩ ላይ ጻፉት፣ በቃ። እርከኑ ቀረ፣ ተዳፋት ሆነ። ጥሪውን በሥዕል ሁለቴ ወይም አራቴ ማድረግም ይቻላል። ያኔ ድምፁ ሲንሸራተት ደረጃው ይለሳለሳል፤ የፕሮሰሰሩ ድካም ግን በዚያው ልክ ይጨምራል።

አሚጋ የተባለው ኮምፒውተር ላይ ታሪኩ ደስ ይላል። በ1987 ካርስተን ኦባርስኪ አልቲሜት ሳውንድትራከር የተባለውን ፕሮግራም ሠራ። ኖታ እየደረደሩ ማቀናበሪያ ነው። ከሱ የተወለዱት በኋላ ጥሪውን ከታይመር መውሰድ ጀመሩ፤ አቀናባሪውም ፍጥነቱን በደቂቃ ምት መጻፍ ቻለ። ሕጉ ቀላል ነው፤ የጻፋችሁትን ቁጥር በ2 አባዝቶ ለ5 ማካፈል። 125 ብትጽፉ 50 ጥሪ በሰከንድ ይመጣል። ያ ቁጥር የት እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ዛሬም የዚህ ዘር የሆነ ማቀናበሪያ ስትከፍቱ ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱ 125፣ ረድፉ 6 ሆኖ ይጠብቃችኋል። ቴሌቪዥኑ ከተሸጠ ቆይቷል፣ ቁጥሩ ግን ቤቱን አልለቀቀም።

አይቢኤም ፒሲ ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። ታይመሩ በሰከንድ 1,193,182 ጊዜ ይመታል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በ65,536 ተካፍሎ ስለሚሰጥ በሰከንድ የሚደርሰው ጥሪ 18.2 ብቻ ነው። ለሙዚቃ ይህ መዶሻ እንጂ መርፌ አይደለም። 50 ከፈለጋችሁ ታይመሩ ላይ 23,864 ጻፉ። ሆኖም የፒሲው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዶስ የግድግዳ ሰዓቱን የሚቆጥረው ከዚያ ከ18.2ቱ ጥሪ ነው። ዝም ብላችሁ ካፈጠናችሁት የኮምፒውተሩ ሰዓት እየሮጠ ነገ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ የሙዚቃው ኮድ በስንት በስንት ጊዜው የድሮውን ጥሪ በተገቢው መጠን ማስተላለፍ አለበት። ያን ያልተጠነቀቀ ጌም ከተጫወታችሁ በኋላ ሰዓታችሁ አያስተማምንም።

ያ 1,193,182 ራሱ ከየት መጣ? ኮምፒውተሩ ውስጥ በሰከንድ 14.31818 ሚሊዮን የሚመታ ክሪስታል አለ፤ ለ12 ሲካፈል ነው። 14.31818 ደግሞ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀለም የሚሸከምበት ድግግሞሽ አራት እጥፍ ነው። ያመለጥነው መስሎን ነበር እኮ። ቴሌቪዥኑ እዚህም ተቀምጦ አገኘነው።

ጥሪውን ማን ያነሳል የሚለውም ለውጥ ያመጣል። ጌሙ ሥራ በዝቶበት ሲንቀራፈፍ ሙዚቃው ከኢንተራፕት የሚነሳ ከሆነ እንደ ወትሮው ይፈሳል። ከጌሙ ዋና ዑደት የሚነሳ ከሆነ አብሮ ይጎተታል። ሱፐር ኒንቴንዶ የተባለው የጌም ማሽን ጭቅጭቁን ለማቆም ለድምፅ የተለየ ፕሮሰሰርና 64 ኪሎባይት ሜሞሪ ሰጠው። ሦስት ታይመርም አብሮ ሰጠው፤ ሁለቱ በ8,000 ሄርዝ፣ አንዱ በ64,000 ሄርዝ የሚቆጥሩ።

በአንዱ ጥሪ ውስጥ የሚፈጠር ትርምስ

ጥሪው በሰዓቱ ደረሰ እንበል። ነገሩ አሁንም አላበቃም።

በ1987 የወጣው አድሊብ የተባለ የፒሲ የድምፅ ካርድ ላይ ያለው ዋይኤም3812 ቺፕ ቁጥር ሲጻፍበት ለመዋጥ ጊዜ ይፈልጋል። የትኛው ሬጅስተር እንደሆነ ከነገራችሁት በኋላ 3.3 ማይክሮሰከንድ ጠብቁ። ቁጥሩን ከሰጣችሁት በኋላ ደግሞ 23 ማይክሮሰከንድ። ካልጠበቃችሁ ኖታ ሊጠፋ ይችላል። ፒሲው ላይ ማይክሮሰከንድ በቀላሉ የሚለካበት መንገድ ስላልነበረ የተሰጠው ምክር አስቂኝ ነው፤ የካርዱን በር በመጀመሪያው 6 ጊዜ፣ በሁለተኛው 35 ጊዜ አንብቡ፣ ያነበባችሁትን ጣሉት። ንባቡ ራሱ ጊዜ ይፈጃል። ከካርዱ ጋር የሚያገናኘው መስመር ፕሮሰሰሩ ቢፈጥንም ያን ያህል ስለማይፈጥን ዘዴው በቀጣዮቹ ማሽኖችም ሠራ። በባዶ ዑደት የቆጠሩት ግን ፈጣን ፕሮሰሰር ሲመጣ ጉድ ሆኑ።

ሲድም የራሱ አመል አለው። ድምፁን የሚያነሳውና የሚያከስመው የውስጥ ቆጣሪ ላይ የንድፍ ስህተት አለበት። ፍጥነቱን ባልሆነ ሰዓት ከለወጣችሁበት ቆጣሪው እስከ 32,768 ትክታ ዞሮ እስኪመለስ ይጠብቃል። ይህ 33 ሚሊሰከንድ ነው፤ ከአንድ ሙሉ ጥሪ ይበልጣል። ውጤቱ አንዳንዷ ኖታ በሰዓቷ፣ አንዳንዷ አርፍዳ መድረሷ ነው። ሰሚው ምቱ የተንገዳገደ ይመስለዋል። የተለመደው መድኃኒት አዲሷ ኖታ ከመድረሷ ሁለት ጥሪ ቀደም ብሎ አሮጌዋን ጨርሶ መግደል ነው። ቆጣሪው ጸድቶ ይጠብቃል።

የሰው ድምፅ ወይም ከበሮ ተቀድቶ ሲጫወት ደግሞ የጊዜው ጥበት ሌላ ደረጃ ነው። ኮሞዶር 64 ላይ ይህ የሚሠራው የድምፅ መጠኑን ሬጅስተር በፍጥነት በማነቃነቅ ነው። በሰከንድ 8,000 ጊዜ ከሆነ በየ123 ትክታው አንድ ጽሕፈት ያስፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ሲጠራ የጀመረውን ትእዛዝ ሳይጨርስ አይመጣም፤ ስለዚህ ጥቂት ትክታ ሊያረፍድ ይችላል። በዚያ ላይ የቪዲዮ ቺፑ በየስምንተኛው መስመር ከ40 በላይ ትክታ ይነጥቀዋል። ከ123 ላይ 40 ማጣት ማለት የደመወዝን ሲሶ እንደማጣት ነው። መዘግየቱ ሸካራ ድምፅ ሆኖ ይሰማል። አንዳንድ ፕሮግራመር መፍትሔው ቀላል ነው ብሎ ስክሪኑን ያጠፋው ነበር። ዘፈን ነው ወይስ ሥዕል የፈለጋችሁት? ምረጡ።

ዛሬ እነዚህን ዘፈኖች ስናጫውት

አሁን አብዛኞቻችን እነዚህን ዘፈኖች የምንሰማው የድሮውን ማሽን በሚያስመስል ፕሮግራም (ኢምዩሌተር) ወይም አንድ ቺፕ ላይ ባለች ትንሽ ኮምፒውተር (ማይክሮኮንትሮለር) ነው። የጊዜው ጣጣ ግን ተከትሎን መጥቷል።

የሁሉም ጀማሪ ስህተት አንድ ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። ሬጅስተሮቹን ጻፍ፣ 20 ሚሊሰከንድ ተኛ፣ እንደገና ጻፍ። ንጹሕ ኮድ ይመስላል። ነገር ግን መጻፉ ራሱ ግማሽ ሚሊሰከንድ ቢወስድ አንዱ ዙር 20.5 ሆነ ማለት ነው። ሦስት ደቂቃ 9,000 ዙር ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ግማሿ ሚሊሰከንድ ቀስ በቀስ 4.5 ሰከንድ ትሆናለች። ትክክለኛው አሠራር ከአሁን ተነስቶ 20 መጠበቅ ሳይሆን ከቀጠሮው መነሳት ነው። የሚቀጥለው ቀጠሮ ካለፈው ቀጠሮ 20 ሚሊሰከንድ በኋላ ነው። አንዱን ብታረፍዱ ለሚቀጥለው ትንሽ ትጠብቃላችሁ፤ ዕዳው አይከማችም።

ኢምዩሌተር ደግሞ የግድግዳ ሰዓት ባያይ ይመረጣል። ድምፅ ካርዱ በሰከንድ 44,100 የድምፅ ናሙና ይበላል። እሱኑ እንደ ሰዓት መጠቀም ይቻላል። ብዙ የድሮ ማሽኖችን ሙዚቃ የሚያስቀምጠው ቪጂኤም የተባለው የፋይል ዓይነት የሚሠራው በዚህ ነው። ፋይሉ "ይህን ሬጅስተር ጻፍ፣ ይህን ያህል ናሙና ጠብቅ" የሚል ረጅም ዝርዝር ነው። 44,100 ለ60 ሲካፈል 735፣ ለ50 ሲካፈል 882፤ ሁለቱም ያለ ትርፍ። ቪጂኤም ለእነዚህ ሁለት ጥበቃዎች አንዳንድ አጭር ትእዛዝ መድቦላቸዋል።

ያቺ 50.12 እዚህ ላይ ትመለሳለች። የፓል ኮሞዶር 64 አንድ ሥዕል ልክ 882 ናሙና አይደለም፤ 879.8 ገደማ ነው። 882 ብላችሁ ካለፋችሁ ሦስት ደቂቃው ዘፈን በግማሽ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ብቻውን ለሚሰማ ሰው ምንም አይደለም። ከቪዲዮ ጋር ወይም ከሌላ ማሽን ጋር አብሮ ከተጫወተ ግን ይለያያል። ስለዚህ ሽርፍራፊዋን አትጣሏት። አንዴ 879፣ አብዛኛውን ጊዜ 880 እየሰጣችሁ ትርፏን ወደሚቀጥለው ዙር አስተላልፉ።

መጨረሻ ላይ የሚረሳው የፖዝ ቁልፍ ነው። አጫዋቹን የሠራው ሰው ቆጠራውን ያቆማል። ያቆምኩ ይመስለዋል። ቺፑ ግን የመጨረሻዋን ኖታ ይዞ "ኢኢኢኢኢ" ማለቱን ይቀጥላል፤ የደረቀውን ጌም አስታውሱ። ስለዚህ ፖዝ ሲጫን የድምፅ መጠኑን አስቀምጦ ዜሮ መጻፍ፣ ሲለቀቅ ያስቀመጡትን መመለስ ያስፈልጋል። ወደ ሁለተኛው ደቂቃ መዝለል የሚፈልግ አድማጭ ካለ ደግሞ ሥራው ከዚህም ይብሳል። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሬጅስተሮቹ ምን እንደያዙ የሚታወቀው ከመጀመሪያው ጀምሮ የተጻፈው ሁሉ ከተጻፈ ብቻ ነው። ስለዚህ አጫዋቹ ድምፁን ይዘጋል፣ ሁለቱን ደቂቃ ሙሉ ያለምንም ጥበቃ በሩጫ ይጽፋል፣ የተፈለገው ቦታ ሲደርስ ድምፁን ከፍቶ መቁጠር ይጀምራል።